የውስጥ ጆሮ ሕመምና የደም ምስክርነት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ይመስል ይሆናል። አንድ ሰው ዕድሜው ገና ሳይገፋ፣ ጆሮው መግል ሳይዝ፣ ኀይለኛ ድምፅም ሳይመታው፣ በጥቂት ሳምንት ወይም በጥቂት ወር ውስጥ የአንደኛው ጆሮው መስማት ይደክማል፤ ሳይቈይም ሁለተኛው ይከተላል። አንዳንድ ጊዜ ያዞረዋል፤ ጆሮው ይጮኻል። ሐኪሙ የጆሮውን ታምቡር ቢመለከት ደኅና ሆኖ ያገኘዋል። ታዲያ ምን ነካው? ለዚህ ጥያቄ ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ከተሰጡት መልሶች አንዱ፣ ሕመሙ ከውጭ የመጣ ሳይሆን የሰውየው ደም በገዛ ጆሮው ላይ ተነሥቶበት ነው የሚል ነው። ይህን መልስ በላቦራቶሪ ለማስረዳት የተደረገው ድካም ምን መንገድ እንደ ሄደና የት ላይ እንደ ቆመ ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። መልሱ እውነት ከሆነ፣ ጆሮው ፈጽሞ ሳይጠፋ በመድኃኒት ሊመለስ ይችላል፤ ይህም ከውስጥ ጆሮ ሕመሞች መካከል እምብዛም የማይገኝ ዕድል ነው። መልሱ ሐሰት ከሆነ ግን፣ ሰውየው በቀን እስከ 60 ሚሊግራም ፕሬድኒዞን ለብዙ ሳምንት ሲውጥ እንቅልፉን ያጣል፣ የደሙ ስኳር ከፍ ይላል፣ እየቈየም አጥንቱ ይሳሳል፤ ጆሮውም አይመለስለትም። ስለዚህ ከላቦራቶሪ የሚመጣው ወረቀት በችሎት ፊት ከሚሰጥ የምስክር ቃል ያላነሰ ክብደት አለው። በቀድሞ ሙግታችን የአንድ ምስክር ቃል ብቻውን ለፍርድ እንደማይበቃ ሁሉ፣ ይህንንም የደም ምስክር የሚደግፍ ሌላ ምስክር ያስፈልገው ነበር። የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ፀረ እንግዳ አካል» የምንለው በደም ውስጥ የሚገኝ ተከላካይ ፕሮቲን ነው። ስሙ ራሱ እንግዳን፣ ይኸውም ከውጭ የገባውን ተሐዋሲ፣ የሚቃወም መሆኑን ይናገራል። እኛ የምንናገርለት ግን እንግዳውን ትቶ የቤቱን ልጅ የሚመታውን ነው። እንግዲህ «የራስን አካል የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል» ልንል ነው፤ ቃሉ ከራሱ ጋር ይጣላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ፀረ ራስ» ብለን እንጠራዋለን። ይህ ጠብ የአማርኛ ጠብ ብቻ እንዳይመስለን፤ የኤውሮፓ ሊቃውንትም ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል በዚሁ ነገር ተቸግረው ነበር።

በ1900 ገደማ የጀርመኑ ሊቅ ፓውል ኤርሊክ ከረዳታቸው ከሞርገንሮት ጋር ሆነው ፍየሎችን በፍየል ደም ወጉ። የሌላ ፍየል ደም የተወጋው ፍየል ያንን ደም የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል አበጀ፤ የራሱን ደም የሚያፈርስ ግን አላበጀም። ኤርሊክ ከዚህ ተነሥተው ሰውነት ራሱን ከመመረዝ ይሸሻል አሉና፣ ለዚህ ሽሽት «ሆሮር አውቶቶክሲኩስ» የሚል የላቲን ስም አወጡለት። የስማቸው ክብደት ታላቅ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሐኪሞች ነገሩ ጨርሶ የማይሆን ነው ብለው ያዙት። እሳቸው ግን ጠንቅቀው ለተመለከተው፣ እንዲህ ያለው ነገር ቢደርስ ለሰውነት ክፉ ስለሚሆን መከላከያ ሊኖረው ይገባል ማለታቸው እንጂ ፈጽሞ አይደርስም ማለታቸው አልነበረም።

ነገሩም ደረሰ። በ1904 በቪየና ዶናትና ላንድሽታይነር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ብርድ ሲመታቸው ሽንታቸው ደም የሚመስል ሰዎችን መረመሩ። የታማሚውን ደም በብርጭቆ ቱቦ አድርገው በበረዶ አቀዘቀዙትና መልሰው አሞቁት፤ ቀይ ሕዋሳቱ ፈንድተው ውሃው ቀላ። በደሙ ውስጥ ያለ ነገር በብርድ ጊዜ የራሱን ሕዋስ ይይዛል፣ በሙቀት ጊዜ ያፈርሰዋል ማለት ነው። ይህ ፀረ ራስን የሚያሳይ የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልብ ልንለው የሚገባው ግን የምስክሩ ጥራት ነው፤ ጉዳቱ በተመልካቹ ዐይን ፊት፣ በአንድ ቱቦ ውስጥ፣ ከሽንቱ መቅላት ጋር በሚመሳሰል አኳኋን ተፈጸመ። ከዚህ በኋላ የመጣ የጆሮ ምርመራ ሁሉ የጐደለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጆሮ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። በ1906 በበርሊን ቫሰርማንና ጓደኞቻቸው የቂጥኝ የደም ምርመራ አወጡ። የተጠቀሙበት ከቂጥኝ ጋር የተወለደ ሽል ጉበት ነበር፤ የታማሚው ደም በዚያ ጉበት ውስጥ ካለው ተሐዋሲ ጋር የሚያያዝ መስሏቸው ነው። ብዙም ሳይቈይ በ1907 ከጤነኛ አካል፣ ኋላም ከበሬ ልብ፣ በአልኮል የተወጣ ጭማቂ ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ ታወቀ። በበሬ ልብ ውስጥ ደግሞ የቂጥኝ ተሐዋሲ የለም! ምርመራው የሚለካው ጸሐፊዎቹ ያሰቡትን ሳይሆን፣ በእንስሳም በሰውም ሕዋስ የሚገኝ ስብ መሰል ነገርን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል ኖሯል። በ1941 ሜሪ ፓንግቦርን የተባሉት አሜሪካዊት ይህን ነገር ከበሬ ልብ ለይተው አውጥተው ካርዲዮሊፒን አሉት። ምርመራው በተሳሳተ ሐሳብ ላይ ቆሞም ቢሆን አልወደቀም፤ ምክንያቱም ሻውዲንና ሆፍማን በ1905 የቂጥኝን ተሐዋሲ በማይክሮስኮፕ አይተውት ስለ ነበር፣ የደሙ ቃል ትክክል በሆነበትና በተሳሳተበት ቦታ ሁሉ ለማመሳከር ይቻል ነበር።

ጆሮና ዐይን ወደዚህ ታሪክ የገቡት በዚሁ በቂጥኝ በር ነው። በውርስ የመጣ ቂጥኝ የዐይንን ብሌን ያደፈርሳል፣ ጆሮንም ያደክማል። በ1945 በቦስቶን የዐይን ሐኪም የነበሩት ዴቪድ ኮጋን ዐይናቸው የደፈረሰ፣ የሚያዞራቸውና ጆሯቸው የደከመ አራት ሰዎችን አስታወቁ። ከቂጥኝ የሚለያቸው ምልክት የቂጥኙ የደም ምርመራ አለመያዙ ነው። እንግዲህ ዛሬ በእኚህ ሐኪም ስም የሚጠራው ሕመም መጀመሪያ የታወቀው ላቦራቶሪው «ይህ ነው» ብሎ ሳይሆን «ያ አይደለም» ብሎ ነው። ሌላ ምን እንደ ሆነ ግን በዚያን ጊዜ ለመናገር የደፈረ አልነበረም።

ድፍረቱን የሰጠው እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ፣ ታይሮይድ፣ ነው። በ1956 በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ ሮዝና ቪቴብስኪ ጥንቸሎችን በታይሮይድ ጭማቂ ወግተው ዕጢያቸው እንዲታመም አደረጉ፤ በዚያው ዓመት ሮይት፣ ዶኒያክና ጓደኞቻቸው በሎንዶን በሐሺሞቶ ሕመም ከተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ የታይሮይድን ፕሮቲን የሚቃወም ፀረ ራስ አገኙ። በ1957 ቪቴብስኪና ጓደኞቻቸው አንድ ሕመም ከፀረ ራስ የመጣ ነው ለማለት መሟላት ያለባቸውን ነጥቦች አስቀመጡ፤ ፀረ ራሱ በታማሚው መገኘቱ፣ የሚቃወመው ነገር ተለይቶ መታወቁ፣ ያ ነገር ለእንስሳ ሲሰጥ ፀረ ራስ ማስነሣቱ፣ በመጨረሻም እንስሳው የሰውየውን ዐይነት ጉዳት በዚያው አካል ላይ ማሳየቱ። የጆሮውን ታሪክ በዚህ ሚዛን ላይ እያስቀመጥን እንከተለው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1958፣ ኧርንስት ሌንሃርት የተባሉ የጀርመን የጆሮ ሐኪም በሁለቱም ጆሮ፣ አንድም በአንድነት አንድም በተራ፣ በድንገት የሚመጣውን የመስማት ድካም ሲመረምሩ አንድ ሐሳብ ሰነዘሩ። የመጀመሪያው ጆሮ ሲጐዳ ከውስጡ የሚወጣው ፕሮቲን ወደ ደም ይገባል፤ ሰውነትም እንግዳ መስሎት ፀረ እንግዳ አካል ያበጅበታል፤ ያም ደኅና የነበረውን ሁለተኛ ጆሮ ይመታል። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አልነበረም። የዐይን ሐኪሞች አንድ ዐይን በስለት ሲቈስል ሌላው ሳይነካ ከጊዜ በኋላ እንደሚታመም ያውቁ ነበር። በ1959 ኪኩቺ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም አንድ ጆሮ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሌላው ጆሮ ሲለወጥ ማየታቸውን ጻፉ። በ1961 ቤይከርት በጀርመን ጊኒ ፒጎችን በውስጥ ጆሮ ጭማቂ ወግተው በጆሯቸው ውስጥ ጉዳት አገኙ። ይህ ሁሉ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ነው። ሌንሃርትን በተመለከተ አንድ ነገር በመንገዳችን ላይ እንጨምር፤ እኚሁ ሐኪም ከዚያ ወዲህ በሐኖቨር የኤሌክትሪክ ጆሮ የሚተክል ክፍል አቋቁመው፣ ጨርሰው መስማት ያቃታቸውን ሰዎች በሌላ መንገድ ረድተዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ለ20 ዓመት ያህል ቀዘቀዘ። ምክንያቱን ለማወቅ የአካሉን አቀማመጥ ማየት ይበቃል። የመስሚያው አካል፣ ኮክልያ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለች አተር የምታክል ነገር ናት፤ የተቀበረችውም በራስ ቅል ውስጥ፣ ከሰውነት አጥንት ሁሉ ጠንካራ በሆነው ክፍል ነው። ድምፅን የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ከታይሮይድ በመርፌ ናሙና መውሰድ ይቻላል፤ ከኩላሊትና ከጉበትም እንዲሁ። ከሚሰማ ጆሮ ግን ናሙና መውሰድ ማለት ጆሮውን መግደል ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የሕያው ሰው ኮክልያ ምን እንደ ሆነ አይቶ አያውቅም፤ የሚያየው ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ ጉዳቱ ከቀዘቀዘ ወዲያ ነው። ዶናትና ላንድሽታይነር በቱቦ ያዩትን፣ ሻውዲን በማይክሮስኮፕ ያዩትን የሚያህል ምስክር ለጆሮ ሐኪም የለውም።

በረዶውን የሰበሩት በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጆሮ ሐኪም የነበሩት ብራያን ማኬብ ናቸው። በ1979 ለዓመታት የተከታተሏቸውን 18 ታማሚዎች ታሪክ አሳተሙ። ሁሉም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ፣ አብዛኛውም በሁለቱም በኩል፣ መስማታቸው እየደከመ የሄደ ነበሩ፤ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒትና ሳይክሎፎስፋማይድ ሲሰጣቸው ተሻላቸው። ማኬብ የደም ምርመራም አድርገዋል፤ የታማሚውን ነጭ የደም ሕዋሳት ከውስጥ ጆሮ ጭማቂ ጋር አገናኝተው የሕዋሳቱ እንቅስቃሴ ሲገታ ተመለከቱ። ለሕመሙም ስም ሰጡት፤ በራስ ላይ በመነሣት የሚመጣ የመስማት ድካም። በእኛ አስተያየት ያ ጽሑፍ ዝና ያገኘው በምርመራው ሳይሆን በመድኃኒቱ ነው። የውስጥ ጆሮ መስማት አንዴ ከደከመ ተስፋ የለውም ተብሎ ይታመን በነበረበት ጊዜ፣ የደከመ ጆሮ ሲመለስ መታየቱ ብዙ ሐኪሞችን አነቃቃ። በነጭ ሕዋስ የሚደረገው ምርመራ ግን ትኩስ ሕዋስና የሰው ጆሮ ጭማቂ ስለሚፈልግ ለሥራ አስቸጋሪ ሆነ።

በዚያው በ1979 ቶውቢንና ጓደኞቻቸው በስዊስ አገር አዲስ የላቦራቶሪ ዘዴ አወጡ። የአንድ አካል ጭማቂ በወፍራም ሙጫ መሰል ገበታ ላይ በኤሌክትሪክ ይሳባል፤ ትናንሾቹ ፕሮቲኖች ሩቅ ይሄዳሉ፣ ትላልቆቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በመጠናቸው ተራ በተራ የተሰለፉት ፕሮቲኖች ወደ ስስ ወረቀት ይተላለፉና የታማሚው የደም ውሃ ይፈስስበታል። ፀረ እንግዳ አካሉ የሚያውቀውን ፕሮቲን ካገኘ በዚያ ቦታ ላይ የጠቈረ መስመር ይታያል። በ1981 ዘዴው ዌስተርን ብሎት ተባለ፤ «ዌስተርን» ማለት ምዕራባዊ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሳውዘርን በተባሉ ሰው ስም የሚጠራ ዘዴ ስለ ነበረ የተደረገ የቃላት ጨዋታ ነው።

ጄፍሪ ሐሪስ የተባሉት የሳን ዲዬጎ ሐኪም ይህን ዘዴ ወደ ጆሮ አመጡት። የሰው ጆሮ እንደ ልብ ስለማይገኝ የላም ጆሮ ጭማቂ ተጠቀሙ። በ1990 ከሻርፕ ጋር ባወጡት ጽሑፍ፣ መስማታቸው በፍጥነት ከደከመ 54 ሰዎች መካከል 19ኙ፣ ይኸውም ከመቶ 35 እጅ፣ ክብደቱ 68 ኪሎዳልተን በሆነ ፕሮቲን ላይ መስመር አሳዩ። በ1994 ሞሲኪና ጓደኞቻቸው በቦስቶን ከዚህ የሚበልጥ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አተሙ። ሕመሙ በሥራ ላይ ባለባቸው፣ መስማታቸው በሁለቱም በኩል እየወረደ በነበሩት ታማሚዎች ዘንድ ከመቶ 89 እጅ መስመሩ ታየ፤ መስመሩ ከታየባቸው መካከል ከመቶ 75 እጅ በኮርቲዞን መሰል መድኃኒት ተሻላቸው፤ ካልታየባቸው ግን ከመቶ 18 እጅ ብቻ። እንግዲህ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት ማን እንደሚድንለት የሚነግረው የደም ወረቀት አገኘ ማለት ነው። ምርመራው ለገበያ ተዘጋጅቶ ከላቦራቶሪዎች ይታዘዝ ጀመር።

የ68ቱ ፕሮቲን ማን ነው? በ1995 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ የሐሪስ፣ ለየብቻቸው መልስ ሰጡ። ሕዋስ ሙቀት ወይም ሌላ ጭንቅ ሲደርስበት የሚያበዛውና 70 የሚል ቍጥር የተሰጠው የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን ነው አሉ። የበሬ ልብ ታሪክ እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ። ይህ ፕሮቲን የጆሮ ብቻ አይደለም፤ በሰውነት ሕዋሳት ሁሉ ይገኛል፤ በባክቴሪያም ውስጥ የሚመስለው ዘመድ አለው። በሰው ሁሉ አካል ያለ ነገር ከተመታ፣ ለምን ጆሮ ብቻ ታመመ? በዚህ ዐይነት ምርመራው በላም ጆሮ ላይ ቢሠራም የሚለካው ጆሮን ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ውጤቶች ጥርጣሬውን አጠነከሩት። በ1998 ትሩንና ጓደኞቻቸው አይጦችን በዚሁ ፕሮቲን ወጉ፤ በደማቸው ፀረ እንግዳ አካሉ በዛ፣ መስማታቸው ግን አልተጐዳም። ከቪቴብስኪ ነጥቦች የመጨረሻው ወደቀ ማለት ነው። በ1999 ሂሮሴና ጓደኞቻቸው ምርመራውን መድኃኒቱ ከሚያመጣው ለውጥ ጋር ሲያመሳክሩት፣ መስመሩ የታየበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሻለው አረጋገጡ፤ ነገር ግን በመድኃኒቱ ከተሻላቸው ሰዎች መካከል መስመሩ የታየባቸው ከመቶ 42 እጅ ብቻ ነበሩ። ወረቀቱን አምኖ መድኃኒቱን የከለከለ ሐኪም ሊድኑለት ከሚችሉት ከግማሽ የሚበዙትን ባጣ ነበር። በ2003 ደግሞ ዮምና ጓደኞቻቸው ይህ ፀረ እንግዳ አካል በጤነኞች ደምም እንደሚገኝ አሳዩ።

እዚህ ላይ የቫሰርማንን ምርመራ ዕጣ ከጆሮው ምርመራ ዕጣ ጋር ብናስተያይ ልዩነቱ ጐልቶ ይታያል። ሁለቱም የለኩት ያሰቡትን አልነበረም። የቂጥኙን ምርመራ ያዳነው ተሐዋሲውን በዐይን ማየት መቻሉ ነው። ለጆሮው ምርመራ ግን የቀረበለት ሁለተኛ ምስክር የመድኃኒቱ መሥራት ብቻ ነበር፤ ጆሮው በኮርቲዞን መሰል መድኃኒት ከተመለሰ ሕመሙ ከፀረ ራስ የመጣ ነው ተብሎ ተቈጠረ። ይህም ምስክር ራሱ የሚጠረጠር ሆኖ ተገኘ። ትሩን በ2006 ባወጡት ጥናት፣ በራሳቸው ላይ የሚነሣ ደም ይዘው የሚወለዱ አይጦች ጆሮ የሚመለሰው መድኃኒቱ ፀረ ራስን ስለሚያበርድ ብቻ ሳይሆን፣ በውስጥ ጆሮ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የጨው ሚዛን ስለሚያስተካክልም እንደ ሆነ አስረዱ። ጨውን ብቻ የሚያስተካክለው አልዶስተሮን የተባለው ሆርሞንም ይረዳቸው ነበር። ስለዚህ «መድኃኒቱ ሠራ፤ እንግዲህ ሕመሙ ይህ ነው» የሚለው ሙግት ልል ነው። ሁለቱ ምስክሮች፣ ደሙና መድኃኒቱ፣ እርስ በርሳቸው ተደጋገፉ እንጂ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ጉዳቱን በዐይኑ አላየም።

በሌላ በኩል ከዚህ የተሻለ መንገድ የያዙ ነበሩ። በሚሺጋን፣ በአን አርቦር ከተማ፣ ኬሪና ናይር ከጊኒ ፒግ ጆሮ ተነሥተው አንድ የተለየ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጁ፤ ይህም በኮክልያ ውስጥ ፀጉር መሰል ሕዋሳቱን የሚደግፉትን ሕዋሳት ይይዛል። በ1995 ይህን ፀረ እንግዳ አካል በሰውነታቸው እንዲያፈሩ የተደረጉ አይጦች መስማታቸው እንደ ተጐዳ አሳተሙ። የሚይዘውን ፕሮቲን ለማወቅ ግን ሌላ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባቸው፤ በ2004 ኮሊን የተባለውን ነገር ወደ ሕዋስ ከሚያስገቡ ፕሮቲኖች ጋር የሚዛመድ መሆኑን ገለጡ። በእኛ ግምት ከጆሮ ምርምሮች ሁሉ ወደ ቪቴብስኪ ሚዛን በጣም የቀረበው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። እነዚያ ከደም ተነሥተው ጆሮን ፈለጉ፤ እነዚህ ከጆሮ ተነሥተው ጉዳቱን በእንስሳ አሳዩና ወደ ደም መጡ። ሆኖም ይህ ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚታዘዝ አልሆነም።

የሕክምናው ወገን በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ ሳይጠብቅ ሄዷል። በ2003 ሐሪስና በብዙ ሆስፒታሎች ያሉ ጓደኞቻቸው ለ116 ታማሚዎች ፕሬድኒዞን ሰጡ፤ ከተሻላቸው መካከል 67ቱን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን ሜቶትሬክሴት፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጡ። ሜቶትሬክሴቱ የተመለሰውን መስማት ለመጠበቅ አልረዳም። የሚያስገርመው፣ ታማሚዎቹን የመረጣቸው የደም ወረቀቱ ሳይሆን የመስማት መለኪያውና የመድኃኒቱ ሙከራ መሆኑ ነው።

ዛሬም በሁለቱም ጆሮው በፍጥነት እየደከመ የመጣ ሰው ወደ ጆሮ ሐኪም ሲቀርብ የሚደረገው ይኸው ነው። መስማቱ ይለካል፤ የራስ ቅሉ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መድኃኒቱ በቶሎ ይጀመርና ከጥቂት ሳምንት በኋላ መስማቱ እንደ ገና ይለካል። ደሙም ይቀዳል፤ ነገር ግን በደሙ አስቀድሞ የሚፈለገው ሌላ ስም ያላቸውን ሕመሞች፣ እንደ ሉፐስ ያሉትን፣ ለማወቅ ወይም ለማስወገድ ነው። ከእነዚያም አንዱ ቂጥኝ ነው፤ ለእሱም ከሚደረጉት ምርመራዎች መካከል በበሬ ልብ ውስጥ የተገኘው ካርዲዮሊፒን የሚያገለግልበት ይገኛል።